ቢላ የቀደማቸው ዶሮዎች

ደብረ ታቦር ላይ ሰው ሲታሰር ኖሯል፤ ዶሮ ሲታሰር ግን ያየነው በጣሊያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ከጎንደር የመጣ የጭነት መኪና ከምሽጉ ግርጌ ቆሞ፣ ነጫጭ ዶሮዎች የታጨቁባቸውን የእንጨት ሣጥኖች አወረደ። ከአገራቸው እስከ ምጽዋ በመርከብ፣ ከምጽዋ እስከ እኛ ዘንድ በመኪና ተንገላተው ነው የመጡት። ሐኪም ቤት የተኙት ወታደሮቻቸው እንቁላል ይብሉ ተብሎ ነው አሉ። የእኛ አገር እንቁላል አንሶባቸው እንደሆነ እንጃ። ለዶሮዎቹ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ዙሪያውን በሽቦ የታጠረ ቤት ተሠራላቸው። በሽታ ይዘው መጥተው እንዳይሆን እየተመረመሩ አርባ ቀን ከሌላ ዶሮ ተለይተው እንዲቆዩ ታዘዘ። የከተማው ሰው ቤቱን «የዶሮ ግዞት» አለው። አርባ ቀን መባሉ ማንንም አልገረመም። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ የሞተ ሰውም በአርባው ይታሰባል። ለዶሮ መቆጠሩ ብቻ ነው ያሳቀን።

እኔ ያኔ ከባሌ ተጣልቼ፣ ከጉና ግርጌ ተነሥቼ አክስቴ ቤት ገብቼ ነበር። የእሱ አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ባሌም እንደ አገሩ ነበር። አክስቴ «ምን አደረገሽ?» ብለው አልጠየቁኝም። እንዝርትና ጥጥ ሰጡኝና «እዚያ ጥግ ተቀመጪ» አሉኝ። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ቤቱ ወንድ አልነበረበትም። የአክስቴ ባል ጣሊያን እንደገባ ዱር ገብተዋል። አንድ ልጃቸውን፣ ገና ሚስት ያላገባ ጎበዝ፣ ጣሊያኖች ከገበያ መሐል ይዘው ምሽጉ ውስጥ አሰሩት። ጥፋትህ ይኼ ነው አላሉትም። «አባትህ እጁን ሲሰጥ ትወጣለህ» ነው ያሉት። አባት እጁን አልሰጠም። አባቶቻቸው እጅ ያልሰጡላቸው እስረኞች መንገዱ ሲመች በመኪና ተጭነው፣ ባሕር መሐል ወዳለ ደሴት ይወሰዳሉ ይባል ነበር። ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው አናውቅም። አክስቴ በየቀኑ ስንቅ ያደርሳሉ። ዘበኛው ስንቁን ይቀበላቸዋል እንጂ ልጃቸውን አያሳያቸውም። ከስንቁ ስንቱ ለልጁ እንደሚደርስም አያውቁም።

የነጮቹ ዶሮዎች ኃላፊ የከብት ሐኪም ነበር፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው። ዶሮ የሚያውቅ ጠባቂ ፈልጉልኝ ሲል አስተርጓሚው አክስቴን ጠቆመ። አስተርጓሚው የሐማሴን ልጅ ነው፤ ከጓሯችን ጥግ ተከራይቶ ስለሚኖር የአክስቴን ዶሮዎች ያውቃቸዋል። የአክስቴን ወጥ ደግሞ የበለጠ ያውቀዋል። በዚያ ሠፈር ዶሮዋ የታመመችባትም፣ እንቁላል ማስታቀፍ የፈለገችም ሴት ሁሉ መጥታ የምትጠይቀው አክስቴን ነበር።

መጀመሪያ አክስቴ ተቆጡ። «እኔ የጣሊያን ዶሮ ጠባቂ ልሁን?» አሉ። አስተርጓሚው ግን ሐኪሙ ከአዛዡ ጋር አንድ ማዕድ እንደሚቆርስ ሹክ ሲላቸው ቁጣቸው በረደ። በማግስቱ እኔን አስከትለው ሥራ ገቡ።

ሐኪሙ በየጊዜው እየመጣ ነጮቹን ይመረምራል። ዶሮዋን እኔ እይዛለሁ። እሱ ክንፏን ገልጦ በመርፌ ወጋ ያደርግና የወጣችውን የደም ጠብታ መስታወት ላይ ካፈሰሰው ቀለም ያለው መድኃኒት ጋር ያደባልቃል። ከዚያ መስታወቱን ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል። ደሙ ከተቋጠረ ዶሮዋ ጫጩት የሚፈጅ ተቅማጥ አለባት ማለት ነው፤ ትገደላለች። በአንዲቷ ላይ ሲቋጠር አይተናል። አክስቴ በሐኪሙ ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩና «እንደ ተበላሸ ወተት!» አሉ። «ይኼስ ደግ ብልሃት ነው» ብለውም አመሰገኑ። ያን ሰውዬ ሲያመሰግኑት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገር ግን ይህ የደም ምርመራ የማያሳየው በሽታ አለ። ፈንግል ነው። ፈንግል የገባባት ዶሮ አንገቷ ይጣመማል፣ ክንፏ ይወድቃል፣ ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። ለእሱ ሐኪሙ ሌላ ዘዴ ነበረው። አምስት የአገር ዶሮዎች ከገበያ ገዝቶ፣ እግራቸው ላይ ቀይ ክር አስሮ ከነጮቹ ጋር ቀላቀላቸው። አንድ ወሰራ፣ አንድ ገብስማ፣ አንድ ጥቁር፣ ሁለት ቀይ። ነጮቹ በሽታውን ለምደውት እነሱን ባይጥላቸው እንኳ፣ ካለባቸው የእኛዎቹን ይጥላቸዋል፤ በዚያ ያውቃል። ይኼን እኛ የተረዳነው በኋላ ነው። ያን ቀን ለአክስቴ የተነገራቸው አጭር ነበር።

«ቀኑ ሲሞላ አምስቱም በሕይወት ከተገኙ፣ ነጮቹ ንጹሕ ናቸው ብዬ እጽፋለሁ ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ያን ጊዜ ስለ ልጅዎ ለአዛዡ ይነግርልዎታል። አንዷ እንኳ ብትሞት ግን ነጮቹ በሙሉ ይቃጠላሉ። የልጅዎም ነገር አይነሣም።»

አክስቴ አምስቱን ዶሮዎች አንድ በአንድ አዩ።

«አንዲትም አትሞትም በለው» አሉ።

ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ «አደራ ነው እንግዲህ» አሉኝ። ዶሮ ጠብቂ የተባለ ሰው ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? እኔም ያው ነበር የመሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ወሰራዋ አንገቷን ጣለች። እኛ ዘንድ ከብትም ይሁን ዶሮ በራሱ ከሞተ ጥንብ ነው፤ ለውሻ ይጣላል። ባለቤቱም ያፍራል። ስለዚህ ዶሮ ማዘንበል ስትጀምር ባለሙያ ሴት እስክትሞት ቁጭ ብላ አትጠብቅም፤ ቢላ ይቀድማል። ማረድ ግን የሴት ሥራ አይደለም። ወንድ የሌለበት ቤት፣ በመንገድ የሚያልፍ የተጠመቀ ወንድ ተለምኖ ይባርካል። አክስቴ ወሰራዋን በነጠላቸው ሥር አድርገው ወጡና አስተርጓሚውን ጠሩት።

«ና እስቲ አንተ ልጅ፣ ባርክልኝ።»

አስተርጓሚው ዶሮዋን አየ፤ ክሩንም አየ። ከዚያ ቢላውን ተቀበለና «በስመ አብ» ብሎ ባረከ።

የሰው አደራ አርዶ ዝም አይባልም። አክስቴ ከራሳቸው ዶሮዎች መካከል ወሰራ መርጠው፣ ክሩን ከታረደችው እግር ፈትተው አሰሩባትና ወደ ግዞቱ አስገቧት። ጠባቂ ያጎደለውን ይተካል፤ ይኼ ማንንም የማያነጋግር ነገር ነው። «አደራ በላ ከምባል የራሴ ብትጎድል ይሻለኛል» አሉ። ወጡን አክስቴና እኔ፣ አስተርጓሚውም፣ አብረን በላነው። ለእስረኛውም ተላከለት። ላባውን እንደ ልማዳችን ከአጥር ውጭ ደፋነው፤ ነፋስ ወሰደው።

ከዚያ ገብስማዋ ተከተለች፤ እንደዚያው ተባረከች፣ እንደዚያው ተተካች። የገናን ጾም በእኛ ሠፈር የሚጾሙት ካህናቱ ነበሩ፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ሁላችንም እንጾማለን። ጥቁሯ የታመመችው ረቡዕ ቀን ነው። በጾም ቀን ዶሮ የሚባርክልን ስላልነበረ አክስቴ ሙስሊሙን ጎረቤታችንን፣ የጨው ነጋዴውን ጠሩ። «ቢስሚላህ» ብለው አረዱና ለቤታቸው ወሰዱ። እኛ የእሳቸውን እርድ አንበላም፤ እሳቸውም የእኛን አይበሉም። ዶሮ ግን ከሁለታችንም ቤት ጥንብ ሆና አትወጣም። በማግስቱ ሚስታቸው በቁና ጨው ላኩልን።

አስተርጓሚው አምስቱ ዶሮዎች ለምን እንደገቡ ከሐኪሙ አፍ የሰማ ሰው ነው። ለምን ዝም አለ? እኔ ሆዱ ነው እላለሁ። አክስቴ ካረጁ በኋላ ሳይቀር በዚህ ይቆጡኝ ነበር፤ «ለልጄ አዝኖ ነው እንጂ፣ አንቺ ክፉ!» ይሉኛል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የተራበም ሰው ያዝናል።

የገና ዕለት አክስቴ ሐኪሙን ጋበዙት። ወደውት አይደለም፤ ለልጃቸው ብለው ነው። በዋዜማው ከቀዮቹ አንዷን ቢላ ቀድሟት ነበርና ወጡ የእሷ ነው። ለሐኪሙ ፈረሰኛው ከእንቁላሉ ጋር ቀረበለት። በርበሬው ፊቱን ደም አስመሰለው፤ መነጽሩን እያወለቀ እየጠረገ ግን አጥንቱ ድረስ በላ። ሲጨርስ በአስተርጓሚው በኩል «እጅዎ ይባረክ» አለ። አስተርጓሚው ሲተረጉም አክስቴን አላየም፣ እኔንም አላየም።

ቀኑ ሞላ። አምስቱ ዶሮዎች፣ ወሰራ፣ ገብስማ፣ ጥቁር፣ ሁለት ቀይ፣ ክራቸውን እንዳሰሩ ጥሬ ይለቅማሉ። ሐኪሙ ደስ አለው፤ የአክስቴን እጅ ጨበጠ። ነጮቹ ንጹሕ ናቸው ተብሎ ተጻፈ፣ እንቁላሉም ወደ ምሽጉ መውጣት ጀመረ። ስለ ልጁም ለአዛዡ እንደነገረው፣ አዛዡም አስባለሁ እንዳለው ነገረን። አክስቴ ያን ሰሞን የልጃቸውን ጋቢ አጥበው ሰቀሉ። ደርቆም አላወረዱትም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የከተማው ዶሮ ማለቅ ያዘ። መጀመሪያ የጨው ነጋዴው ቤት፣ ቀጥሎ የእኛ፣ ከዚያ ከገበያው ወዲያም ወዲህም። በጾም ስለሆነ ክርስቲያኑ ቢላ ማስቀደም አልቻለም። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን እስኪሰለቻቸው ድረስ አረዱ፤ በኋላ እነሱም «በቃን» አሉ። ውሾች ብቻ ወፈሩ። አንድ ሳምንት ንጋት ላይ የሚጮኽ አውራ ዶሮ ጠፋ። በመጨረሻ ከነጮቹም ሁለቱ አንገታቸው ተጣመመ።

ሐኪሙ አስተርጓሚውን አስከትሎ ቤታችን መጣ። አልተቆጣም። በር ላይ ቆሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ በዚያ አርባ ቀን ውስጥ ከአምስቱ የሞተች ነበረች ወይ?

«ኢየሱስን! አንዲትም አልሞተችም» አሉ አክስቴ።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን በሙያቸው መጠርጠራቸው አንገበገባቸው።

«በእኔ እጅ ዶሮ አይሞትም በለው። ገና አንገቷን ስትጥል ቢላ አስቀድሜያታለሁ። በጎደለችው ሁሉ ከራሴ ተክቻለሁ። አደራውን አልበላሁም በለው።»

ሐኪሙ ምን አሉ ብሎ አስተርጓሚውን አንድ ጊዜ ጠየቀው፤ ሁለተኛ ጠየቀው። አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ ነገረው። ማን እንዳረዳቸው ግን የዘለለው ይመስለኛል፤ በማግስቱም ሥራው ላይ ነበርና።

ሐኪሙ ደጃፋችን ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ቆይቶ «የገናዋስ?» ሲል አስጠየቀ።

«እሷም» አሉ አክስቴ። «ሥጋዋ ደግ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው አምስቱ ዶሮዎች ለምን እንደገቡ የነገረን። ቃል በቃል እያስተረጎመ፣ እንደ አስተማሪ፣ ሳይቸኩል። ጤነኛዋ ከበሽተኛዋ ጋር ተዘግታ ትቆያለች፤ ከሞተች በሽታ አለ፤ ካልሞተች የለም። አክስቴ እስኪጨርስ አዳመጡት።

«እና ትሞት እንደሆነ ቆሞ ሊያይ ነው ያስገባት?» አሉ። «ጤነኛውን ከበሽተኛ ጋር ዘግቶ! ልጄንም እንዲሁ ነው የዘጋችሁት። አባቱ ይመጣ እንደሆነ ቆማችሁ ልታዩ።»

ይኼን አስተርጓሚው አልተረጎመውም። ሐኪሙም አልጠየቀም።

ከሄዱ በኋላ እኔ ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር በጣሊያኑ አልነበረም፤ በአክስቴ ነው። «ምነው ኢየሱስን ካሉ በኋላ ዝም ቢሉ ኖሮ!» አልኳቸው። «ምን ዋሸሁ? ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። የተሰቀለውን ጋቢ አወረዱና አጥፈው አስቀመጡት።

ነጮቹ ሁሉ ተገድለው በጋዝ ተቃጠሉ። በሽታው ከአገሩ ዶሮ የመጣ ነው ተብሎ መነገሩን ከአስተርጓሚው ሰማን። ታዲያ ሐኪሙ ምን ይበል? ማስረጃዬን በወጥ በላሁት ብሎ ለአዛዡ አይነግር። ግዞቱ በኖራ ታጥቦ ባዶውን ቀረ።

በዚያው ሰሞን መኪኖቹ መጡ። እስረኞቹ ሲጫኑ አክስቴና እኔ ከመንገድ ዳር ቆመን ፊት እየለየን ቆጠርን። ልጁ የለም። መኪኖቹ በጎንደር መንገድ ከሄዱ በኋላ አክስቴ «ካልተጫነ ሞቷል» አሉ። አላለቀሱም፤ ድምፃቸው ብቻ ከሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ። እኔም ሞቷል ብዬ አመንኩ።

ከሰዓት በኋላ አስተርጓሚው እየሮጠ መጣ። ልጁ ተፈቷል። ነገር ግን እስር ቤቱ ተስቦ ገብቶበታል፤ ልጁም በትኩሳት ራሱን አያውቅም። ከተማ እንዳይገባ ተከልክሎ፣ በቃሬዛ አውጥተው ባዶው የዶሮ ቤት አስተኝተውታል። ሐኪሙ ቃሉን ጠብቆ ይሁን፣ በሽተኛ መኪና ላይ መጫን ተፈርቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ትእዛዙ ግን ግልጽ ነበር፤ ምግብና ውሃ ከሽቦው ሥር ይቀመጥለታል፣ ማንም አይገባም፣ የገባ በሽታው እስኪለይለት አይወጣም።

አክስቴ ያን የታጠበ ጋቢና አንድ ቅል ውሃ ይዘው ሄዱ። አስተርጓሚው በሩ ላይ ቆሞ ለመናቸው።

«እናቴ፣ ከገቡ አይወጡም እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አሉና ገቡ።

እኔ በየቀኑ አጥሚት እየሠራሁ ከሽቦው ሥር አስቀምጣለሁ። ልጁ እንደ ግንድ ተጋድሟል፤ ቃል አይወጣውም። አክስቴ ፀሐይ ስትወጣ በሩ ላይ ተቀምጠው ራሱን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ቅማሉን ይለቅሙለታል። አንድ ቀን አጥሚቱን ሲቀበሉኝ «ዶሮ ቢሆን ዐውቅበት ነበር» አሉኝና አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ሽቦው በመሐላችን ነበር፤ እኔ ከወዲህ ቆሜ ቀረሁ።

ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ከሽቦው ውጭ ቆሞ መጀመሪያ የሚያየው ልጁን አይደለም፤ አክስቴን ነው። አክስቴም ይኼን ዐውቀውታል።

«ዛሬም አልሞትኩም በለው» ይላሉ።

አስተርጓሚው ይተረጉማል። ሐኪሙ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ይሄዳል። በማግስቱ ይመጣል። «ዛሬም አልሞትኩም በለው።» ነገሩ እንደ ሰላምታ ሆነ። እኔ እንኳ አንዳንዴ ስሰማው ሣቄ ይመጣ ነበር።

አንድ ጠዋት አክስቴ በሩ ላይ የሉም። ሐኪሙ ቆመ፤ አስተርጓሚው «እናቴ!» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። የትላንቱ አጥሚት እንዳስቀመጥኩት ነው። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፤ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። እኔ ሽቦውን ይዤ ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። ከገበያ ከተያዘ ጀምሮ ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ ደክሟል፣ ግን የእሱ ነው።

«ትኩሳት ይዟት ተኝታለች» አለ የአክስቴ ልጅ። «አልሞተችም በሉት።»

አስተርጓሚው መተርጎሙን ረሳው። እኔ የቀዘቀዘውን አጥሚት ደፋሁ፣ የያዝኩትን ትኩሱን አነሣሁና በሩን ከፍቼ ገባሁ።